የዓሣ እርባታ በኩሬ ቁጥር አይለካም

ባሕር ዳር፦ ስለ ዓሣ እርባታ በሚነገርባቸው መድረኮች አስቀድመው የሚጠቀሱት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ የተቆፈሩት ኩሬዎች ብዛትና የተሠራጩት የዓሣ ጫጩቶች መጠን። ሁለቱም ለመቁጠር ይቀልላሉ፤ ለሪፖርትም ይመቻሉ። ይሁን እንጂ የሚናገሩት ስለ ሥራው መነሻ እንጂ ስለ መድረሻው አይደለም። ኩሬው በሦስተኛው ዓመት ውኃ ይዞ መገኘት አለመገኘቱን፣ ከጫጩቶቹ ምን ያህሉ ለገበያ እንደደረሱ፣ የወጣው መኖና ገንዘብ በምርቱ መመለስ አለመመለሱን፣ ከኩሬው የሚለቀቀው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አይነግሩም። የአንድ እርባታ ዘላቂነት የሚታወቀው ግን እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው።

ጉዳዩ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር በቤተሰብ ማዕድ ላይ እንዲበረክቱ አልሞ የተነሣ ሲሆን፣ የዓሣ ልማትም በዚሁ መንፈስ ትኩረት አግኝቷል። አርሶ አደሩ ከማሳው ቆርሶ ኩሬ ሲቆፍር፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም ተበድረው ወደ ሥራው ሲገቡ፣ የሚያውሉት መሬታቸውን፣ ጉልበታቸውንና ነገ የሚመልሱትን ብድር ነው። መለኪያው ከተሳሳተ ኪሳራው የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ገንዘቡ ካለቀና ኩሬው ከደረቀ በኋላ ይሆናል።

ሐይቁ የተሸከመው ጫና

የዓሣ እርባታ የሚደገፍበት ዋናው ምክንያት በተፈጥሮ ሐይቆችና ወንዞች ላይ ያለውን ጫና ያቃልላል የሚል ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው። በጣና ሐይቅ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ወቅት በወንዞቹ መግቢያ ላይ የሚዘረጋ መረብ የሚይዘው አንድን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ትውልድ ጭምር ነው። እ.አ.አ. በ1990ዎቹ በሐይቁ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክምችት በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱን አሳይተዋል። በብርብራ ፍሬ ውኃን መርዞ ማጥመድ፣ ከወንዝ ዳር አሸዋ ማውጣት፣ እ.አ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የእምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መስፋፋት ችግሩን አባብሰውታል።

በዓለም ደረጃም ዓሣን ከማጥመድ ወደ ማርባት የሚደረገው ሽግግር ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.አ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በእርባታ የተገኘው የዓሣና የሌሎች የውኃ እንስሳት ምርት 94 ነጥብ 4 ሚሊዮን ቶን ነው። ይህ ከጠቅላላው ምርት 51 በመቶ ሲሆን፣ እርባታ ማጥመድን ሲበልጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ ውስጥ የአፍሪካ ድርሻ ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከአህጉሪቱ ምርትም አብዛኛው የግብፅ ነው።

ሆኖም እርባታ ሁልጊዜ ሐይቅን ያሳርፋል ማለት አይደለም። እንደ አያያዙ ሐይቁን ሊያሳርፍም፣ አዲስ ሸክም ሊጨምርበትም ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ አራት ነገሮችን መመርመር ይገባል፤ ጫጩቱን፣ መኖውን፣ ውኃውንና ሒሳቡን።

ጫጩቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ኩሬው የሚሞላበት ጫጩት ምንጭ ነው። ጫጩቱ በማባዣ ጣቢያ የተፈለፈለ ከሆነ እርባታው በራሱ እግር መቆም ይችላል። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ተጠምዶ የመጣ ከሆነ ግን እርባታው ሐይቁን አላሳረፈም፤ ቀድሞ ሲያድግ ይጠመድ የነበረውን ዓሣ ገና በሕፃንነቱ ከቤቱ አወጣው እንጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ነገ የሚገኘውን የኩሬ ምርት በመሻት ዛሬ በእጅ ያለውን የሐይቅ ሀብት ማጣት ይሆናል። በሰበታና በባሕር ዳር ከሚገኙት የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት ጫጩት የማባዛትና ዝርያ የማሻሻል ሥራ በብርቱ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

ከምንጩ ቀጥሎ የሚታየው ዝርያው ነው። ቆሮሶ ምቹ ውኃ ካገኘ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል። ወንድና ሴት በአንድ ኩሬ ከተቀላቀሉ ኩሬው ብዙም ሳይቆይ በትናንሽ ዓሦች ይጨናነቃል፤ መኖውን ሁሉም ይሻሙታል፤ ለገበያ የሚበቃ ግን አይገኝም። በሪፖርት ላይ የዓሣ ቁጥር የጨመረበት ኩሬ በእውነቱ የከሰረ ኩሬ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ወንዶቹን ብቻ ማርባት ወይም ትንንሾቹን የሚመገብ አምባዛ በልክ መጨመር ነው።

ከሌላ አካባቢ የመጣ ዝርያ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል። በጎርፍ ጊዜ ከኩሬ አምልጦ ወደ ወንዝ የሚገባ ዓሣ ተመልሶ አይሰበሰብም። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የካርፕ ዓሣ ዛሬ በዝዋይና በቆቃ ከሚጠመዱት ዋና ዋና ዓሦች አንዱ ሆኗል። እንዲህ ያለው ለውጥ በሌላ ቦታ የሌሉ ዝርያዎች በሚኖሩበት በጣና ቢከሰት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ኩሬ ሲቆፈር ከጎርፍ መንገድ መራቁ፣ የውኃ መውጫውም በወንፊት መረብ መከለሉ የዘላቂነቱ መለኪያ አካል ነው።

ሁለት ኩሬዎች፣ አንድ ሪፖርት

ሁለተኛው መለኪያ መኖ ነው። ዓሣ እንደ ከብትና እንደ ዶሮ ሰውነቱን ለማሞቅ ኃይል አያባክንም፤ በመሆኑም የበላውን ወደ ሥጋ በመለወጥ ከሌሎች እንስሳት ይሻላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን አያያዙ ሲያምር ነው። የሚለካውም በቀላል ስሌት ነው፤ በእርባታው ዘመን የተሰጠውን መኖ ዓሦቹ በጨመሩት ክብደት ማካፈል። ውጤቱ አንድ ኪሎ ግራም ዓሣ ለማግኘት ስንት ኪሎ ግራም መኖ እንደወጣ ይናገራል። በመልካም አያያዝ የቆሮሶ ውጤት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ግራም ባለው መካከል ይሆናል።

ነገሩን ለማስረዳት እያንዳንዳቸው 100 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ኩሬዎችን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በሁለቱም 5 ግራም የሚመዝኑ 200 ጫጩቶች ይገባሉ፤ ጠቅላላ ክብደታቸው 1 ኪሎ ግራም ነው። ለሁለቱም 62 ኪሎ ግራም መኖ ይሰጣል። በመጀመሪያው ኩሬ 160 ዓሦች ተርፈው እያንዳንዳቸው 200 ግራም ይደርሳሉ፤ ምርቱ 32 ኪሎ ግራም፣ ጭማሪው 31 ኪሎ ግራም ይሆናል። 62 ለ31 ሲካፈል ሁለት ነው። በሁለተኛው ኩሬ ግን ተርፈው ለዚያው ክብደት የሚደርሱት 100 ብቻ ናቸው፤ ምርቱ 20፣ ጭማሪው 19 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ጭማሪ የወጣው መኖም ከሦስት ኪሎ ግራም ያልፋል።

የአንድ ኪሎ ግራም መኖ ዋጋ የአንድ ኪሎ ግራም ዓሣ ዋጋ ሲሶ ነው ከተባለ፣ የመጀመሪያው ኩሬ ባለቤት ከሽያጩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለመኖ ከፍሎ ቀሪው ይተርፈዋል። የሁለተኛው ባለቤት ግን ያገኘውን ሁሉ ለመኖ ቢከፍል እንኳ አይበቃውም። በሪፖርት ላይ ሁለቱ ኩሬዎች አንድ ናቸው፤ አንድ ኩሬ፣ 200 ጫጩት። በሚዛንና በደብተር ሲታዩ ግን አንደኛው የሚቀጥል፣ ሌላኛው የሚቆም ሥራ ነው።

መኖው ከምን እንደተሠራም መታየት አለበት። በዓለም ላይ ለእርባታ ዓሦች የሚቀርበው መኖ በከፊል የሚዘጋጀው ከባሕር ከተጠመዱ ትናንሽ ዓሦች ዱቄትና ዘይት ነው። ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት እ.አ.አ. በ2021 የታተመ የ20 ዓመታት ግምገማ፣ መኖ እየተሰጣቸው ለሚያድጉ ዓሦች የሚውለው የተጠመደ ዓሣ መጠን እየቀነሰ መጥቶ፣ በ2017 ለአንድ ኪሎ ግራም የእርባታ ምርት ወደ 0 ነጥብ 28 ኪሎ ግራም መድረሱን አስፍሯል። መሻሻሉ የመጣው የዕፅዋት መኖ በመስፋፋቱና እንደ ቆሮሶ ያሉ ከሥጋ ይልቅ ዕፅዋት የሚስማሟቸው ዓሦች በብዛት በመርባታቸው ነው።

በሀገር ውስጥ ለመኖ የሚፈለጉት የኑግ ፋጉሎ፣ የስንዴ ፉርሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ናቸው። እነዚህ ከባሕር ዓሣ የተሻሉ ቢሆኑም የሚታለቡ ላሞችና ዶሮዎችም ይፈልጓቸዋል። ዓሣ እርባታ ሲስፋፋ የፋጉሎ ዋጋ ቢንር ወተት አምራቹ ይጎዳል። ስለዚህ በወረዳ ደረጃ የሚወጣ ዕቅድ ኩሬዎችን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የሚገኘውን መኖም መቁጠር ይኖርበታል።

ውኃው የሚናገረው

ሦስተኛው መለኪያ ውኃ ነው፤ መጠኑም ጥራቱም። በሞቃት ወቅት ከኩሬ ገጽ በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ሊተን ይችላል። ይህ በ100 ካሬ ሜትር ኩሬ ላይ በቀን 500 ሊትር፣ በ30 ቀናት ደግሞ 15 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላለው ኩሬ ከያዘው ውኃ 15 በመቶ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ መቀነስ ከታየ ውኃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ነው። ይህን ለማወቅ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት በኩሬው ውስጥ ተክሎ ጧት ጧት ማንበብ ይበቃል። በበጋ ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውኃ በሚያጥርበት ቀበሌ እንዲህ ያለውን ስሌት ሳይሠሩ ኩሬ መቆፈር ከጎረቤት ጋር ጠብ መቆፈር ነው።

የውኃውን ጥራት ለማወቅም ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በፍግ የተዘጋጀ ኩሬ ውኃው አረንጓዴ ቀለም ሲይዝ ለዓሣ ተፈጥሯዊ ምግብ አፍርቷል ማለት ነው። ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውኃው በማስገባት፣ ውኃው እስከ ክርን ሲደርስ መዳፍ ለማየት የሚያዳግት ከሆነ ልኩ ጥሩ ነው። ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከጠፋ ውኃው ከልክ በላይ ስለበለጸገ ፍግና መኖ መቀነስ ያስፈልጋል። ክንዱ ገብቶም መዳፍ በግልጽ ከታየ ምግቡ አንሷል። ውኃው በጭቃ ከደፈረሰ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። ዓሦች በማለዳ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ከታዩ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንሷል፤ ሌሊቱን አልጌው ራሱ ኦክስጅኑን ሲጠቀምበት ያድራልና።

የሙቀት መጠንም መዘንጋት የለበትም። ቆሮሶ በተሻለ ፍጥነት የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። በደጋማ አካባቢ በቆላ የሚጠበቀውን ምርት በዚያው ጊዜ መጠበቅ ስሌቱን ከመጀመሪያው ያፋልሰዋል።

ከኩሬው የሚወጣው ውኃ ሌላው ጉዳይ ነው። በመኖ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚቀረው ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ ሲሆን፣ ቀሪው በውኃውና በደለሉ ውስጥ ይቀራል። ይህ ውኃ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ከተለቀቀ አረምን ይመግባል፤ ለእምቦጭም ማዳበሪያ ይሆናል። ወደ ጓሮ አትክልት ከተመራ ግን ለሽንኩርትና ለጎመን ነፃ ማዳበሪያ ነው። አንዱ ውኃ ሁለት ጊዜ የሚሠራበት ኩሬ ከሁሉ የተሻለ የዘላቂነት ምልክት አለው። በግብፅ እ.አ.አ. በ1983 የወጣው ሕግ የዓሣ ኩሬዎች ለመስኖ የሚሆነውን ንጹሕ ውኃ እንዳይጠቀሙ፣ ከእርሻ በሚወጣው ውኃ እንዲሠሩ ደንግጓል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ውኃው መጀመሪያ ዓሣውን ቀጥሎ አትክልቱን ቢያገለግል፣ ይበልጥ ይጠቅማል።

በሐይቅ ላይ በመረብ ቅርጫት የሚደረግ እርባታ ሲታሰብ ጥያቄው ይከብዳል። እዚያ የሚተርፈው መኖና የዓሦቹ ኩስ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይወርዳልና። እ.አ.አ. በ2022 መጨረሻ በኬንያ በኩል ባለው የቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በመረብ ቅርጫት ይረቡ የነበሩ ዓሦች በብዛት ሞተዋል፤ በውኃው ውስጥ የኦክስጅን ማነስ ለአደጋው ምክንያት ተደርጎ ተጠቅሷል። አንድ አርሶ አደር የራሱን ኩሬ ቢያበላሽ ጉዳቱ በአመዛኙ የራሱ ነው፤ ሐይቅ ሲበላሽ ግን ጉዳቱ በዳርቻው የሚኖሩት ሁሉ ነው።

ከኬንያ የሚገኘው ትምህርት

አራተኛው መለኪያ ሒሳቡ፣ ይልቁንም የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ሒሳብ ነው። ለዚህ የኬንያ ተሞክሮ አስተማሪ ነው። የሀገሪቱ መንግሥት እ.አ.አ. በ2009 ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት በነደፈው መርሐ ግብር በ140 የምርጫ ክልሎች፣ በእያንዳንዳቸው 200 የዓሣ ኩሬዎች እንዲቆፈሩ አድርጓል፤ ጫጩትና መኖም በድጎማ አቅርቧል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በ2009 ወደ 5 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው የእርባታ ምርት በ2014 ወደ 24 ሺህ ቶን አደገ። ድጎማው ሲቋረጥ ግን መኖ ተወደደ፤ ጥራት ያለው ጫጩት ጠፋ፤ በርካታ ኩሬዎች ተተዉ። በ2017 ምርቱ ወደ 12 ሺህ ቶን ገደማ ወረደ።

በመጀመሪያው ዓመት ሥራውን በኩሬ ቁጥር የለካ ሰው ታላቅ ስኬት ያያል። ያለ ድጎማ የሚቆም ኩሬ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ግን መጪውን ውድቀት አስቀድሞ ማየት ይችል ነበር። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የተተወ ኩሬ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ብቻ አይቀርም። ዓሣ ያለበትና ዳርቻው የጸዳ ኩሬ የወባ ትንኝ እጭን ያስበላል። ዓሣ የሌለበትና ሣር የወረሰው ኩሬ ግን የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ወባ በሚያሰጋቸው ቆላማና ወይና ደጋማ ወረዳዎች የአንድ ማኅበር መፍረስ የመንደሩ ሁሉ የጤና ችግር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ማን ይለካ?

በዓለም ገበያ የዓሣ እርባታን ዘላቂነት የሚመሰክሩ ድርጅቶች አሉ። እ.አ.አ. በ2010 የተቋቋመው የውኃ ውስጥ እርባታ አስተዳደር ምክር ቤት አንዱ ሲሆን፣ ለቆሮሶና ለሌሎች ዓሦች መስፈርት አውጥቶ የሚያሟሉ እርባታዎች ምልክቱን እንዲለጥፉ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለው ምስክርነት ወጪው ከፍ ያለ በመሆኑ ለውጭ ገበያ ለሚያቀርቡ ትላልቅ እርባታዎች እንጂ በጓሮው 100 ካሬ ሜትር ኩሬ ላለው አርሶ አደር የሚሆን አይደለም። የፋኦ አባል ሀገራት በ2024 የተቀበሉት የዘላቂ የውኃ ውስጥ እርባታ መመሪያ ግን ለአነስተኛ አርቢዎችም ቦታ የሰጠ ሲሆን፣ ሀገራት እንደየሁኔታቸው እንዲያጣጥሙት የተዘጋጀ ነው። በኢትዮጵያም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የጎደለው ሕጉ በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ወደ ኩሬው ዳር የሚያወርድ ቀላል የመለኪያ ልማድ ነው።

ሥራው ገና በጅምር ላይ ሳለ መለኪያ ማብዛት አርቢውን ያሰለቻል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ፍርሃቱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሃያ ገጽ ቅጽ የሚያስሞላ መለኪያ ከሁለተኛው ወር አያልፍም። ይሁን እንጂ ከላይ ለተዘረዘሩት የሚያስፈልጉት አንድ ሚዛን፣ አንድ ምልክት ያለው እንጨት፣ የአርቢው ክንድና አንድ ደብተር ናቸው። በደብተሩ ላይ ጫጩቱ የመጣበት ቦታና ቀን፣ በየቀኑ የተሰጠው መኖ፣ የሞቱት ዓሦች ቁጥር፣ በየወሩ ተይዘው የተመዘኑ ጥቂት ዓሦች ክብደት፣ በመጨረሻም የተሸጠውና ለቤት የዋለው ቢሰፍር በቂ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችል አርቢ ልጆቹ ወይም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊያግዙት ይችላሉ።

ከዚህ ደብተር የሚሰበሰበው መረጃ የሪፖርቱንም መልክ ይለውጣል። ይህን ያህል ኩሬ ተቆፈረ ከማለት ይልቅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከተቆፈሩት ውስጥ ይህን ያህሉ ዛሬም ያመርታሉ፤ ከእነዚህም ይህን ያህሉ ጫጩታቸውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተዋል ማለት ይቻላል። ብድር የሚሰጥ ተቋምም በዚህ ተመሥርቶ ማን መክፈል እንደሚችል ይለያል። ያልተሳካለት አርቢም የወደቀበት ምክንያት መኖው ይሁን ጫጩቱ ወይስ ውኃው ስለሚታወቅ ሊታገዝ ይችላል።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ ውጭ አይደለም። የዓሣ ፍላጎት በዐቢይ ጾም ወራት ሲጨምር፣ ዋጋው ሲንርና በረዶ የሌለው ሻጭ ምርቱ እንዳይበላሽበት ሲቻኮል፣ ገዢው የሚያየው የዕለቱን ዋጋ ብቻ ነው። ዓሣው ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ በክረምት ከወንዝ መግቢያ የተጠመደውን እንቁላል ያዘለ ዓሣ አለመግዛት፣ ከኩሬ የወጣውን ትኩስ ምርት መምረጥ በገዢው እጅ ያለ መለኪያ ነው። ገበያው ከጠየቀ አምራቹ ይመልሳል።

ዓሣ በኩሬ ማርባት ለድሃ ቤተሰብ ማዕድ፣ ሥራ ለሌለው ወጣት ገቢ፣ ለተጨነቀው ሐይቅም እፎይታ ሊሆን የሚችል ሥራ ነው። ተስፋው እውን መሆኑን የሚያሳየው ግን በምረቃ ቀን የሚቆጠረው ኩሬ አይደለም። ድጎማው ሲያበቃ አርቢው በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ሁለተኛው ዙር ጫጩት፣ ከዚያም ሦስተኛው ነው።